ኩርሽምሽም የሚል የዶሮ ጥብስ በቤታችን፦ ለጅማ ማድ ቤት የሚሆኑ መንገዶች

ዶሮ ጠብሰው ያልተሳካላቸው ሰዎች የሚነግሩኝ ነገር ከሦስት አያልፍም። አንዱ ሽፋኑ ዘይት ውስጥ ይላቀቅና ዶሮው ራቁቱን ይቀራል። ሌላው ውጪው ጠቁሮ አጥንቱ አጠገብ ገና ደም አለ። ሦስተኛው ደግሞ ከዘይት ሲወጣ ኩርሽም ይል የነበረው ጥብስ ገበታ ላይ እስኪቀርብ ይልፈሰፈሳል።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ውሃ ነው። ያልደረቀ ዶሮ፣ ቆዳው ላይ ሳይጣበቅ የቀረ ዱቄት፣ መውጫ ያጣ እንፋሎት። ብዙ ሰው የሚጨነቀው ስለ ቅመሙ ነው። ቅመም ቢበዛም ቢያንስም ጥብሱ ይበላል። እርጥብ ዶሮ ግን ምንም ቅመም አያድነውም።

ጅማ ላይ ሁለት ነገር ይጨመራል። አንደኛ፣ አየራችን እርጥብ ነው። ክረምት ላይ ዱቄቱ እንኳ ዕቃው ውስጥ እንዳለ ይረጥባል። ሁለተኛ፣ ከተማችን 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ዶሮው ውስጥ ያለው ውሃም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ሥጋው በዝግታ ይበስላል፣ ሽፋኑ ግን ፍጥነቱን አይቀንስም። ባሕር ጠረፍ ላለ ሰው የተጻፈን 175 ዲግሪ እንዳለ አትውሰዱ። ለእኛ 165 ይበቃል። በምትኩ 2 ወይም 3 ደቂቃ ጨምሩ።

መጀመሪያ፦ የያዛችሁት ዶሮ የትኛው ነው?

ይህን ሳትለዩ አትጀምሩ። መንገዱ ሁሉ የሚወሰነው በዚህ ነው።

የፈረንጅ ዶሮ ሥጋው ለስላሳ ነው። ከጥሬው በቀጥታ ይጠበሳል።

የሀበሻ ዶሮ ሮጦ ያደገ ነው። ሥጋው ጠንካራ፣ ስቡ ትንሽ ነው። ከጥሬው ዘይት ውስጥ ከገባ ሽፋኑ ያልቅለታል፣ ሥጋው ግን እንደ ገመድ ይቀራል። እሱን መጀመሪያ መቀቀል ግድ ነው። መንገድ 2ን ተከተሉ።

ሐሙስ ገበያ ወጥታችሁ የሀበሻ ዶሮ የምትገዙ ከሆነ ለጥብስ የሚሆነው ወጣቱ ነው። የደረቱን አጥንት ጫፍ በጣታችሁ ጫን በሉት። ጎንበስ ካለ ወጣት ነው። ድርቅ ካለ ያረጀ ነው፤ እሱን ለወጥ ተዉት። አውራ ከሆነ እግሩ ላይ ወደ ኋላ የወጣውን ሹል ነገር እዩ። አጭርና ዶልዷማ ሲሆን ዕድሜው ገና ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። ጎረቤት የምትጠሩ ከሆነ ማን እንደሚያርደው አስቀድማችሁ አስቡበት። ሙስሊም እንግዳ ካለ ሙስሊም ይረደው፣ ክርስቲያን እንግዳ ካለ ክርስቲያን ይረደው። ሁለቱም ካሉ ሁለት ዶሮ አሳርዱ፤ ድስቱንና ዘይቱንም ለዩ። ጅማ ላይ ይህን የማያውቅ የለም። ግን በጥድፊያ መሀል ይረሳል፣ እንግዳው ሳይበላ ይቀራል።

ዕቃ

1. ወፍራም ብረት ድስት። ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን 1 ሊትር ተኩል ዘይት 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ይሰጣችኋል። ዘይቱ ከድስቱ ግማሽ በላይ እንዳይደርስ። ስስ ድስት ሙቀት አይዝም፤ ዶሮ ሲገባበት ይበርዳል።
2. የድስቱ ክዳን። ባትጠቀሙበትም አጠገባችሁ ይቀመጥ። ምክንያቱን ኋላ ላይ ታገኙታላችሁ።
3. የሽቦ ፍርግርግ። የኦቨን መደርደሪያ፣ የጥብስ ሽቦ፣ ያገኛችሁት ይሁን። ከሥሩ ትሪ አድርጉ። ይህ ዕቃ ከቅመም ሁሉ ይበልጣል።
4. ባለ ቀዳዳ ጭልፋ ወይም ረጅም መቆንጠጫ።
5. ንጹህ የጥጥ ፎጣ። ሶፍት አይሆንም፤ ቆዳው ላይ ተጣብቆ ይቀራል።
6. የምግብ ቴርሞሜትር ካላችሁ እሰየው። ከሌላችሁም ይቻላል።

መለኪያዬ የውሃ ብርጭቆ ነው፤ 250 ሚሊ ሊትር የሚይዘው። በሻይ ብርጭቆ አትለኩ፤ ልኩ ይዛባል።

ደረጃ 1፦ ዶሮውን ማዘጋጀት

ለወጥ ቆዳውን ገፈን እንጥላለን። ለጥብስ ግን ቆዳው ይፈለጋል፤ ኩርሽም የሚለው እሱ ነውና። ስለዚህ ላባው ሲነጭ ቆዳው እንዳይቀደድ ተጠንቀቁ።

1. ቆዳው የሚቀደደው ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ነው። የፈላ ውሃ እንዳለ አትድፉበት፤ ቆዳው በስሎ ከላባው ጋር ይላጣል። 2 እጅ የፈላ ውሃና 1 እጅ ቀዝቃዛ ቀላቅሉ። 70 ዲግሪ ገደማ ይሆናል።
2. ዶሮውን እግሩን ይዛችሁ 1 ደቂቃ ያህል ንከሩት፤ እያንቀሳቀሳችሁ። የክንፉን ትልቅ ላባ ሳብ አድርጉ። ያለ ትግል ከወጣ በቃው።
3. ንጩት። የቀረውን ፀጉር በእሳት ነበልባል ላይ ቶሎ ቶሎ እያገላበጣችሁ ለብልቡ። ቆዳው እንዳይበስል፣ እሳቱ ላይ አታቆዩት።
4. በ8 ቁረጡት፦ 2 ታፋ፣ 2 ቅልጥም፣ 2 ክንፍ፣ ደረቱ ለ2። ጀርባውን፣ አንገቱንና መቀመጫውን ለሾርባ አስቀሩ። ሲጠበሱ ይደርቃሉ እንጂ ሥጋ የላቸውም። የፈረንጅ ዶሮ ደረት በጣም ትልቅ ከሆነ ለ4 ቁረጡት።
5. በሳፋ ውስጥ በጨውና በሎሚ እጠቡ፤ ከቧንቧ ሥር አይሁን። ከቧንቧ የሚረጨው ውሃ የጥሬ ዶሮ ጀርም ይዞ ሰላጣው ላይ፣ ሰሃኑ ላይ ያርፋል። ሎሚው ከ5 ደቂቃ በላይ አይቆይበት። ሲቆይ የሥጋውን ፊት ያነጣዋል፣ ያደርቀዋል። ሲጨርሱ ሳፋው፣ ቢላው፣ መክተፊያው፣ እጃችሁም በሳሙና ይታጠቡ።

ቤት የታረደ ዶሮ እንዲያርፍ ስጡት። ታርዶ ወዲያው የተጠበሰ ዶሮ ይጠነክራል፤ ሥጋው ገና ተኮማትሮ ነው። ቢያንስ 6 ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ማታ አርዳችሁ በነጋታው ብትጠብሱ ደግሞ ይሻላል።

የቀዘቀዘ ዶሮ ከሱቅ ከገዛችሁ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ቀን ሙሉ አቅልጡት። ከቸኮላችሁ በደንብ በታሰረ ፌስታል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት፤ ውሃውን በየ30 ደቂቃው ቀይሩ። ጠረጴዛ ላይ አታሳድሩት። በረዶ ያለበት ዶሮ ዘይት ውስጥ በፍጹም አይግባ። በረዶው በአንድ ጊዜ እንፋሎት ይሆንና ዘይቱን ከድስቱ አፍ ያስወጣዋል። ሰው የሚቃጠለው እንዲህ ነው።

ደረጃ 2፦ ማድረቅ

ይህን ደረጃ አብዛኛው ሰው ይዘለዋል። እባካችሁ እናንተ አትዝለሉት።

1. ከታጠበ በኋላ ወንፊት ላይ 15 ደቂቃ አጠንፍፉ።
2. እያንዳንዱን ቁራጭ በፎጣ ጫን ጫን እያደረጋችሁ አድርቁ። በክንፉ መታጠፊያ፣ ከቆዳው ሥር፣ በታፋው ውስጠኛ ጎን ውሃ ይደበቃል።
3. ለመንገድ 1 ከሆነ ጨው ነስንሱበት፤ ሌሎቹ መንገዶች የራሳቸው ጨው አላቸው። ለ1 ኪሎ ዶሮ 1 የሾርባ ማንኪያ ልክ፤ አናቱ የተስተካከለ።
4. ፍሪጅ ካላችሁ ሳትከድኑ ፍርግርጉ ላይ 2 ሰዓት አስቀምጡ። የፍሪጅ አየር ደረቅ ስለሆነ ቆዳውን ያደርቀዋል። ክረምት ላይ ከቤቱ አየር ይልቅ ፍሪጁ ይታመናል። ጥሬው ዶሮ ከታች መደርደሪያ ይሁን፤ ሌላ ምግብ ላይ እንዳይንጠባጠብ።

ፍሪጅ ከሌለ በፎጣ ሁለት ጊዜ አድርቃችሁ በቀጥታ ወደሚቀጥለው ሂዱ። ጥሬ ዶሮ ውጪ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ።

ደረጃ 3፦ ዘይቱና እሳቱ

የሱፍ ወይም የአኩሪ አተር ዘይት ተጠቀሙ። የሚረጋው ዘይት በደንብ ያኮርሽማል፤ ግን ጥብሱ ሲበርድ አፍ ላይ ይረጋል። ትኩሱን ለሚበላ ቤተሰብ ችግር የለውም። የኑግ ዘይት ጠረኑ ዶሮውን ይጫነዋል። ቅቤ ፈጽሞ አይሆንም፤ ይቃጠላል።

ቴርሞሜትር ከሌለ ይህን አድርጉ። የደረቀ የእንጨት ማማሰያ እጀታ ዘይቱ ውስጥ ንከሩ። ዙሪያውን ጥቃቅን አረፋ በዝግታ ከወጣ 150 አካባቢ ነው። አረፋው ሳያቋርጥ ቸር ቸር ካለ 165 ገደማ ደርሷል። ከተንጣጣና ከተናደደ ወይም ዘይቱ ጭስ ከጀመረ አልፏል፤ እሳቱን ቀንሱና ጠብቁ። እጀታው እርጥብ ከሆነ ያታልላችኋል፤ ውሃው ራሱ ይንጣጣል።

የኤሌክትሪክ ምድጃ ቀርፋፋ ነው። ሲቀንሱት ወዲያው አይቀንስም። ስለዚህ ዘይቱ የሚፈለገው ሙቀት ላይ ከመድረሱ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ምድጃውን ቀንሱት።

ከሰል ላይ ደግሞ እሳቱ ነበልባል ትቶ ነጭ አመድ ሲለብስ ጀምሩ። ሲበዛ ፍም በመቆንጠጫ አውጡ፣ ሲያንስ ከዳር ጨምሩ። ዘይት የያዘ ድስት እያነሳችሁ እየጣዳችሁ እሳት አታስተካክሉ። በር ተዘግቶ ከሰል አይነድ። ምድጃው አይዋልል፤ ሕጻናት ይራቁ።

መንገድ 1፦ በአሬራ የተዘፈዘፈ፣ ዱቄት የለበሰ (ለፈረንጅ ዶሮ)

አሬራ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው እላለሁ። ኮምጣጣነቱ ሥጋውን በዝግታ ያለሰልሳል፣ ውፍረቱ ዱቄቱን ይይዛል። ካጣችሁ እርጎ በትንሽ ውሃ አቅጥኑ።

ለ1 ኪሎ ከ200 ግራም ገደማ ዶሮ፦ 2 ብርጭቆ አሬራ፣ 4 ፍንጣቂ ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል፣ 1 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ ቁንጥር ኮረሪማ። ለሽፋኑ 2 ብርጭቆ ተኩል ፉርኖ ዱቄት፣ ግማሽ ብርጭቆ የበቆሎ ስታርች፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ።

1. ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ውቀጡ፣ በጨርቅ ጭመቁና ጭማቂውን ብቻ አሬራው ውስጥ ጨምሩ። ቁርጥራጩ ከገባ ዘይት ውስጥ ይከስላል፣ ይመራል።
2. በርበሬውን አሬራው ውስጥ አድርጉ። ዱቄቱ ውስጥ አይሁን። ዱቄት ውስጥ የገባ በርበሬ ሥጋው ሳይበስል ይጠቁራል። ሚጥሚጣ የሚወድ ደግሞ ከተጠበሰ በኋላ ይነስንስ።
3. ዶሮውን ዘፍዝፉ። ፍሪጅ ውስጥ ከ4 እስከ 12 ሰዓት፣ ፍሪጅ ከሌለ 1 ሰዓት ብቻ። ከአንድ ቀን በላይ አታቆዩት፤ ሥጋው ይላላል።
4. ዱቄቱን ከነቅመሙ ንፉ። ከዚያ 3 የሾርባ ማንኪያ አሬራ ጣል ጣል አድርጉበትና በጣታችሁ አሹት። ትናንሽ ጓል ይሠራል። ያ ጓል ነው ኋላ ላይ እየወጣ እየገባ የሚኮርሸመው።
5. ዶሮውን አንድ በአንድ አውጡ፤ አሬራው እስኪንጠባጠብ ያዙት። ዱቄቱ ውስጥ አስገቡና በመዳፋችሁ ጫን በሉት። ዝም ብሎ ማንከባለል አይበቃም። ትርፉን አራግፉ።
6. ፍርግርጉ ላይ ደርድሩና 20 ደቂቃ አሳርፉ። ነጭ ዱቄት የሚታይበት ቦታ እርጥበት ስቦ ደብዘዝ ማለት አለበት። ሽፋን የሚላቀቀው በአብዛኛው ይህ ስለሚዘለል ነው። ቡና ከተጣደ አቦሉ እስኪቀዳ ይበቃል።
7. ዘይቱን 165 አድርሱ። ታፋና ቅልጥም መጀመሪያ ይግቡ። በአንድ ጊዜ 3 ወይም 4 ቁራጭ ብቻ። ድስቱ ሲጨናነቅ ዘይቱ ይበርዳል፣ ሽፋኑ ዘይት ይጠጣል።
8. ለመጀመሪያዎቹ 3 ደቂቃዎች አትንኩት። ሽፋኑ እየጠነከረ ነው። ከዚያ በዝግታ አገላብጡ።
9. ታፋና ቅልጥም ከ15 እስከ 18 ደቂቃ፣ ደረት ከ12 እስከ 14፣ ክንፍ ከ10 እስከ 12። የዘይቱ ሙቀት በዚህ ጊዜ ሁሉ ከ150 በታች እንዳይወርድ።
10. አጥንቱ አጠገብ በቀጭን ቢላ ውጉት። የሚወጣው ፈሳሽ ጥርት ያለ ይሁን። ቴርሞሜትር ካለ ሥጋው መሀል 74 ዲግሪ ሲደርስ አውጡ። ቀዝቅዞ የቆየ ዶሮ ቢበስልም አጥንቱ አጠገብ ሊቀላ ይችላል። ስለዚህ ከቀለሙ ይልቅ ፈሳሹንና ሙቀቱን እመኑ።
11. ፍርግርጉ ላይ አውጡ። ሳይበርድ ጨው ወይም ሚጥሚጣ ነስንሱ። አትክደኑ። ሰሃን ላይ አትከምሩ፣ ምግብ መያዣ ውስጥ አትዝጉ።

ይህን መጨረሻ ያልኩትን በደንብ የተማርኩት በበዓል ቀን ነው። እንግዶች ዘገዩብኝ። እንዳይበርድ ብዬ ጥብሱን ክዳን ያለው ሳህን ውስጥ አስቀመጥኩት። ስከፍተው እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ፤ ሽፋኑ ከቆዳው ጋር እንደ እርጥብ ወረቀት ተነሳ። ግማሽ ቀን የለፋሁበት ነበር። አሁን እንግዳ ሲዘገይ ኦቨኑን 90 ዲግሪ ላይ አድርጌ ፍርግርጉን ከነጥብሱ አስገባለሁ፤ በሩንም ገርበብ አደርገዋለሁ። ኦቨን የሌላችሁ ክፍት አድርጋችሁ ተዉት። ለብ ያለ ኩርሽም ጥብስ፣ ከትኩስ ልፍስፍስ ጥብስ ይሻላል።

መንገድ 2፦ የሀበሻ ዶሮ፣ ተቀቅሎ የሚጠበስ

በዚህ መንገድ ውስጡ አስቀድሞ ስለሚበስል ጥሬ ይቀር ይሆን የሚለው ፍርሃት የለም። ጀማሪ ብሆን ከዚህ እጀምር ነበር።

1. ዶሮውን ድስት ውስጥ አድርጉ፤ ውሃው ለመሸፈን ያህል ይሁን። አንድ ሽንኩርት፣ 3 ፍንጣቂ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ዝንጅብል፣ 2 ፍሬ ኮረሪማ ጨፍልቃችሁ ጨምሩ። ጨው ላይ ትንሽ ለጋስ ሁኑ፤ ጨው ሥጋው ውስጥ የሚገባው አሁን ነው።
2. ሲፈላ አረፋውን ግፈፉ፤ እሳቱን ቀንሱ። እየተንተከተከ እንጂ እየተገላበጠ አይፍላ። ኃይለኛ ፍላት ቆዳውን ይቀዳድዳል።
3. ወጣት ዶሮ ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት፣ ያረጀ 1 ሰዓት ተኩልና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ውሃችን በ94 ዲግሪ ስለሚፈላ ሌላ ቦታ ከሚባለው ይረዝማል። ሹካ ታፋው ውስጥ ሳይታገል ሲገባ አውጡ። ሥጋው ከአጥንቱ እስኪለቅ አትጠብቁ፤ ዘይት ውስጥ ይበታተናል።
4. ፍርግርግ ላይ አውጡና እንፋሎቱ ጨርሶ እስኪቆም፣ ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ ይብረድ። ትኩሱን ዱቄት ካለበሳችሁት እንፋሎቱ ዱቄቱን ሊጥ ያደርገዋል። ከበረደ በኋላ በፎጣ አድርቁ።
5. መጀመሪያ ስስ ስታርች ነስንሱበት። ቀጥሎ የተመታ እንቁላል ውስጥ ንከሩ። መጨረሻ ላይ የመንገድ 1ን ዱቄት አልብሱ። 10 ደቂቃ አሳርፉ።
6. ዘይቱን ከፍ አድርጉ፤ 180። ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ብቻ። ሽፋኑ ወርቃማ ሲሆን አለቀ።

መረቁን አትድፉት። ሩዝ ቀቅሉበት ወይም በነጋታው ሾርባ ሥሩበት።

መንገድ 3፦ ሁለት ጊዜ የሚጠበስ ክንፍ

ሳይለሰልስ ረጅም ጊዜ እንዲቆይ ከፈለጋችሁ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ኮሪያዎች የሚሠሩበት ዘዴ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሲጠበስ ሥጋው ይበስላል። ወጥቶ ሲያርፍ ውስጥ ያለው እርጥበት ወደ ሽፋኑ ይወጣል። ሁለተኛው ጥብስ ያንን እርጥበት ያባርረዋል።

እዚህ ጋ የሚሠራው የበቆሎ ስታርች ነው፤ የበቆሎ ዱቄት አይደለም። ሱቅ ላይ ስማቸው ይምታታል። ስታርች እንደ በረዶ ነጭ ነው፣ በጣት ሲታሽ ይጮኻል። ከወፍጮ የመጣው የበቆሎ ዱቄት ሻካራ ነው፤ ጥርስ ላይ አሸዋ ይሆናል። ስታርች ካጣችሁ ሩዝ አስፈጩ። ወፍጮ ቤቱ በርበሬ የፈጨበት ላይ እንዳያስገባው አደራ በሉ፤ ሁለት ጊዜም ንፉት።

1. 1 ኪሎ ክንፍ መገጣጠሚያው ላይ ለ2 ቁረጡ። አድርቁ። 2 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 ማንኪያ የዝንጅብልና የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ፣ ትንሽ ቁንዶ በርበሬ እሹበት። 30 ደቂቃ ይቆይ።
2. የወጣውን ውሃ አፍስሱ። 1 ብርጭቆ ተኩል ስታርች ውስጥ ለውሱ፤ ጫን በሉ፤ አራግፉ። 10 ደቂቃ አሳርፉ።
3. በ150 ዲግሪ ከ9 እስከ 10 ደቂቃ ጥበሱ። ቀለሙ ገርጣ ያለ ነው፤ አትደንግጡ።
4. አውጡና ፍርግርግ ላይ 10 ደቂቃ አሳርፉ። በዚህ መሀል ዘይቱን በጭልፋ አጥሩ፣ ወደ 180 አድርሱ።
5. ከ2 እስከ 3 ደቂቃ መልሳችሁ ጥበሱ። ጭልፋው ላይ ስታንቀሳቅሱት እንደ ጠጠር ሲንኳኳ አውጡ።

አዋዜ ወይም ዳጣ በጎን አቅርቡ። ላዩ ላይ አታፍስሱ።

መንገድ 4፦ ደረት በዳቦ ፍርፋሪ

ለልጆች የምሠራው ይህን ነው። ደረቱን በጣት ውፍረት ሸንሽኑ፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ አድርጉበት። ዱቄት፣ ከዚያ የተመታ እንቁላል፣ ከዚያ ፍርፋሪ፤ ቅደም ተከተሉ አይለወጥም። ፍርፋሪውን ከ2 ቀን ዳቦ ሥሩ። ቆራርሳችሁ ምጣድ ላይ በትንሽ እሳት አድርቁና ጨፍልቁ፤ ዱቄት እስኪሆን አትውቀጡት። አንድ እጃችሁ ለደረቁ፣ ሌላው ለእርጥቡ ይሁን። በ165 ከ4 እስከ 5 ደቂቃ በቂው ነው።

ዘይት መቆጠብ ለሚፈልግ

ኦቨን ካላችሁ ክንፍን በደንብ አድርቁ። ለ1 ኪሎ 1 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና 1 የሻይ ማንኪያ ጨው እሹበት። ቤኪንግ ሶዳ እንዳይሆን፤ ይመራል። ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ ሳይከደን ይደር። ፍርግርግ ላይ በ220 ዲግሪ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ፤ መሀል ላይ ገልብጡ። ቆዳው ይኮርሸማል፤ የዱቄት ሽፋኑን ያህል ግን አትጠብቁ።

መሀል ላይ ሲበላሽ

ሽፋኑ መላቀቅ ከጀመረ። ማገላበጥ አቁሙ። ያለቀውን አውጡ፣ ቀጣዩን ዙር 15 ደቂቃ ጨምራችሁ አሳርፉ። ዘይቱ ውስጥ የተንሳፈፈውን ፍርፋሪ ልቀሙ፤ ከስሎ የሚቀጥለውን መራራ ያደርገዋል።

ውጪው ጠቁሮ ውስጡ ጥሬ ከሆነ። ኦቨን ካለ በ160 ዲግሪ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጨርስ። ከሌለ ዘይቱን 140 እስኪሆን አብርዱና መልሱት። ሽፋኑ ትንሽ ይጠቁራል፤ ሥጋው ግን ይድናል። ጥሬ ዶሮ ከመብላት የጠቆረ ሽፋን ማንሳት ይሻላል።

ዘይት ከጠጣ። ዘይቱ በርዷል ማለት ነው። ሙቀቱን ወደ 180 አንሱና 1 ደቂቃ መልሱት። ከዚያ በኋላ በየዙሩ አንድ ቁራጭ ቀንሱ።

ዘይቱ አረፋ ከደፈቀና ከድስቱ መውጣት ከጀመረ። ዶሮው እርጥብ ነው ወይም ዘይቱ አርጅቷል። እሳቱን አጥፉ፣ ራቁ፣ እስኪረጋ ጠብቁ።

መብራት ከጠፋ። ዶሮውን እየበረደ ያለ ዘይት ውስጥ አትተዉት፤ ወዲያው አውጡ። ትኩስ ዘይት የያዘውን ድስት ተሸክማችሁ ወደ ከሰል አትሂዱ። ከሰሉ እስኪቀጣጠል ዘይቱ በርዶ ይቆያችኋል፤ ያኔ አዛውሩት። በግማሽ የበሰለ ዶሮ ውጪ አይቆይ፤ በ1 ሰዓት ውስጥ ይጨርስ። መብራት የሚዋልል ሰሞን ከሆነ ከሰሉን አስቀድሜ አዘጋጃለሁ።

ዘይቱ በእሳት ከተያያዘ። ውሃ በፍጹም አትድፉ። ውሃው ይፈነዳና እሳቱን ቤት ሙሉ ይረጨዋል። ምድጃውን ማጥፋት ከቻላችሁ አጥፉ። ክዳኑን ከጎን በኩል አንሸራታችሁ ግጠሙበት፤ እስኪበርድ አትክፈቱ። ድስቱን ይዛችሁ አትሩጡ። ክዳኑን አጠገባችሁ አድርጉ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

የተረፈ ጥብስ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። ማይክሮዌቭ ያለሰልሰዋል። ኦቨን ውስጥ በ180 ለ10 ደቂቃ፣ ወይም ትኩስ ዘይት ውስጥ ለ1 ወይም 2 ደቂቃ ብታደርጉት መልሶ ይኮርሸማል። ውስጡ ድረስ መሞቁን እዩ።

ዘይቱን ለሌላ ጊዜ ማስቀመጥ

ዘይት ውድ ነው፤ አንድ ጊዜ ጠብሶ መድፋት አይቻልም። ሙሉ በሙሉ ሲበርድ በድርብ ንጹህ ሻሽ አጥልሉት። ከሥር የረጋውን ዱቄት ተዉት፤ እሱ ነው ዘይቱን ቶሎ የሚያበላሸው። ጠርሙስ ውስጥ ከድናችሁ ከብርሃን አርቁ። በደንብ ከተጣራ 3 ጊዜ ያህል ያገለግላል። ከጠቆረ፣ ከሸተተ፣ ሲሞቅ ቶሎ ከጨሰ ወይም እንደ ሽሮፕ ከወፈረ አብቅቷል። የመታጠቢያ ቧንቧ ውስጥ አትድፉት፤ ይዘጋዋል። ጠርሙስ ውስጥ አሽጋችሁ ከቆሻሻ ጋር አስወግዱት።

ጠርሙሱ ላይ «የፍስክ» ብላችሁ በጉልህ ጻፉ። ረቡዕ ጠዋት ሌላ ሰው ማድ ቤት ገብቶ ለሽሮው ዘይት ሲፈልግ፣ የዶሮው ዘይት የቱ እንደሆነ ማወቅ አለበት።